በአሮጌው የባቡር መስመር ከሸርሊንግተን እስከ ፐርሴልቪል በብስክሌት፦ ጉልበቴ ይችለው ይሆን?

ጠያቂ፦ ቅዳሜ ጠዋት

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ሲሆን ዕድሜዬ በ50ዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ሐኪሜ ስለ ስኳሬ ካስጠነቀቀኝ ወዲህ ብስክሌት ገዝቼ በየቅዳሜው ከሸርሊንግተን ተነሥቼ፣ ኮሎምቢያ ፓይክን አቋርጬ እስከ ፎልስ ቸርች እየነዳሁ እመለሳለሁ። በአካባቢው ሰዎች አጠራር «ደብሊው ኤንድ ኦዲ» የሚባለው ይህ መንገድ ድሮ የዋሽንግተን ኤንድ ኦልድ ዶሚኒየን ባቡር መስመር እንደነበረና እስከ ፐርሴልቪል ድረስ 45 ማይል፣ ማለትም 72 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚዘልቅ ሰማሁ። የ16 ዓመት ልጄም «አባዬ፣ አንድ ቀን ሙሉውን እንሂድ» ማለቱን አላቆም አለ። በቀኝ ጉልበቴ ላይ የቆየ ሕመም ስላለብኝ ዳገቱ ያስፈራኛል። መንገዱን የምታውቁ፣ ዳገቱ ምን ያህል ነው? ሄዶ መመለሱስ እንዴት ይሆናል? ከዚሁ ጋር አንድ የገረመኝን ነገር ልጨምር፦ ከመንገዱ በላይ ትልልቅ የኤሌክትሪክ ምሰሶዎች ተከታትለው ይሄዳሉ፤ ጭጋግ ባለበት ጠዋት ሽቦው እንደ ምጣድ ሲንጫጫ ይሰማል። ሰው ለመዝናናት በሚሄድበት ቦታ ይህን ማን አመጣው?

መልስ፦ ጡረተኛው መሐንዲስ

እንደምን አሉ? ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር፤ የዳገቱም መልስ ከዚያው ስለሚወጣ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) የመስመሩ ግንባታ በ1855 ተጀምሮ በ1860 ሊዝበርግ ደረሰ፤ ከዚያም ወደ ምዕራብ እየተቀጠለ እስከ ተራሮቹ ግርጌ ሄደ። መንገደኛ ማመላለሱ በ1951 ቆመ፤ የመጨረሻው የጭነት ባቡርም በ1968 አለፈ። በዚህ መካከል ሳልጠቅስ የማላልፈው አንድ ነገር አለ፤ ብዙዎቻችን በመጀመሪያው ቀን ሻንጣችንን እየገፋን የወጣንበት የደለስ አየር ማረፊያ ሲሠራ ከግንባታው ዕቃ ከፊሉን ያጓጓዘው ይኸው ባቡር ነበር። ለአውሮፕላን ሜዳውን ሲያሰናዳ ቆይቶ ብዙም ሳይዘገይ እርሱ ራሱ ጭነት አጣ።

መስመሩ ሲዘጋ አብዛኛውን መሬት የገዛው የኤሌክትሪክ ኩባንያ ነው። 30 ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ሳይቆራረጥ ከከተማ ከተማ የሚዘልቅ መሬት በአንድ ጊዜ ከአንድ ሻጭ ማግኘት ለከፍተኛ ኃይል ሽቦ ትልቅ ዕድል ነው። የሰሜን ቨርጂኒያ የፓርኮች ባለሥልጣን ኋላ ላይ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ መሬቱን ከኩባንያው በየክፍሉ ሲገዛ ሽቦው በቦታው እንዲቆይ ተስማምተው ነበር። የመጀመሪያዋ አጭር የብስክሌት መንገድ ፎልስ ቸርች ውስጥ የተከፈተችው በ1974 ሲሆን ፐርሴልቪል የተደረሰው በ1988 ነው። እንግዲህ የሚያስቀይምዎት ሽቦ ባይኖር ኖሮ መሬቱ ለቤት ሠሪና ለመኪና ማቆሚያ ተቸርችሮ ያልቅ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ወደ ዳገቱ ስመጣ፣ የብረት ጎማ በብረት ሀዲድ ላይ ቆንጥጦ የመያዝ አቅሙ አነስተኛ ስለሆነ ከባድ ባቡር በየ100 ሜትሩ 2 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት እንኳ ይፈትነዋል። ስለዚህ የዚያ ዘመን ሠራተኞች ጉብታውን በአካፋና በባሩድ እየቆረጡ፣ ጎድጓዳውን በዚያው አፈር እየሞሉ ሄዱ። ክላርክስ ጋፕ የሚባለው ቦታ ሲደርሱ ብስክሌትዎን ያቁሙና ይመልከቱ፤ መንገዱ በተቆረጠው ኮረብታ መካከል፣ በአሮጌ የድንጋይ ቅስት ሥር ያልፋል። ከሊዝበርግ እስከዚያ ያለው ሽቅብ የመንገዱ ዋና ዳገት ነው። የሚያስለፋውም ርዝመቱ እንጂ ቀጥ ማለቱ አይደለም፤ ካምቢዮውን አቅልለው፣ ሳይቸኩሉ፣ ኮርቻዎ ላይ እንደተቀመጡ ይጨርሱታል።

መልስ፦ ፔዳል ከሄርንደን

የመሐንዲሱን ማብራሪያ ሳላደበዝዝ ጥቂት የተግባር ነገር ልጨምር። ሙሉውን በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ለማድረግ ባያስቡ ይሻላል፤ 90 ማይል ለጤናማ ጉልበትም ቀላል አይደለም። እኔ የምመክረው ቤተሰብ በመኪና ፐርሴልቪል እንዲያደርሳችሁና ወደ ቤት አቅጣጫ እንድትነዱ ነው፤ ያ የተጠቀሰው ዳገት ያን ጊዜ ቁልቁለት ይሆንላችኋል። ከዚያ በፊት ለመለማመድ ደግሞ ከኢስት ፎልስ ቸርች የሜትሮ ጣቢያ እስከ ሬስተን ነድታችሁ በሲልቨር መስመር ባቡር መመለስ ትችላላችሁ፤ ሜትሮ ብስክሌትን በማንኛውም ሰዓት ያስገባል።

መኪና መንገድ በምታቋርጡበት ቦታ ሁሉ ግን ቁሙ፤ ቀዳሚ ነኝ ብሎ መግባት አይበጅም። ደወልም ይኑራችሁ። ረጅም ገመድ ያለው ውሻ የሚያንሸራሽር ሰው ከኋላው ሳይሰማችሁ ከቀረ ገመዱ መንገዱን እንደ አጥር ይዘጋዋል፤ እኔ በዚህ ምክንያት አንድ ጊዜ አስፋልቱን ለቅቄ ጎን ለጎን በሚሄደው የፈረሶች ጠጠር መንገድ ላይ ወድቄያለሁ። ሌላ ቀን ደግሞ ከአሽበርን አልፌ ጎማዬ ተነፈሰ፤ ትርፍ ካላማዳሪ ይዤ ስለነበር ኩራት ተሰምቶኝ ፈታሁት፣ ቀየርሁት፣ ከዚያም የያዝሁት ፖምፓ ለወፍራም ቫልቭ እንጂ ለቀጭኑ እንደማይገጥም አየሁ። አንዲት አላፊ ሴት ፖምፓዋን እስክታውሰኝ ድረስ ሦስት አራተኛ ሰዓት ፀሐይ ላይ ተቀምጫለሁ።

መልስ፦ የድሬ ልጅ

ይህን ሳነብ ሐሳቤ ወደ አገር ቤት ሄደ። እኛ ድሬዳዋ ያደግነው በምድር ባቡር ፊሽካ እየነቃን ነው። ሀዲዱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902 ድሬ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደርሶ ነበር፤ አሁን አዲሱ ባቡር በራሱ ሌላ መስመር ስለሚሄድ የድሮው አንድ ሜትር ስፋት ያለው ሀዲድ በብዙ ቦታ ሥራ ፈትቶ ይታያል። መሐንዲሱ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እንዲህ ያለ መንገድ በእኛስ መስመር ላይ አይቻልም ነበር?

መልስ፦ ጡረተኛው መሐንዲስ

ወንድሜ፣ የመሬቱ ቅርጽ ችግር አይሆንም፤ ያም መስመር የተቀየሰው ለባቡር ነውና። እኔ ብጠየቅ በአዋሽና በድሬ መካከል ካለው ሙቀት ይልቅ የሚያሳስበኝ መሬቱ በየቦታው መያዙ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር ብቻ ቤት ከተሠራበት የቀረው መስመር ለብስክሌትም ለባቡርም አይሆንም። እዚህ አሜሪካ ከ1983 ጀምሮ የሚሠራበት ሕግ፣ ባቡር የተወው መሬት ሳይበታተን ለእግረኛና ለብስክሌት እንዲያገለግል ይፈቅዳል፤ ሆኖም ባቡሩ አንድ ቀን ቢመለስ ቦታው ይጠበቅለታል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁ በዓይናችሁ አይታችሁታል፤ ወደ ቤተስዳ የሚወስደው የብስክሌት መንገድ በ2017 የተዘጋው ለቀላል ባቡር ግንባታ ነው። ለድሬ ግን፣ ምርጫው የእኔ ቢሆን፣ ከብስክሌቱ በፊት ባቡሩ ቢመለስ ደስ ይለኛል።

ጠያቂ፦ ቅዳሜ ጠዋት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከፐርሴልቪል ለመነሣት ወስነናል፤ የሚያደርሰን የባለቤቴ ወንድም ነው። ሽቦውንም ከእንግዲህ አላማም። የፔዳልን ጽሑፍ አንብቤ ወዲያው ወደ ጋራዡ ወርጄ ነበር፤ የጎማዬ ቫልቭ ቀጭኑ ዓይነት፣ ፖምፓዬ ደግሞ የወፍራሙ ሆኖ አገኘሁት።