የጣና ነጭ ዓሣ፦ በክረምት የወንዝ አፍ መዝጋት ይበቃል ወይስ ዓሣ በሎቹ ለብቻ ይመዝገቡ?

(ተወያዮቹ በቦታ ስም ተጠርተዋል፦ ጉማራ፣ ደልጊ፣ ወራሚት።)

አወያይ፦ ማራገፊያ ላይ ነጭ ዓሣ (ላቤዮባርበስ) ሁሉ በአንድ ስም ነው የሚመዘነው፤ ግን አንድ ዝርያ አይደለም። ከተገለጹት 15 የሐይቁ ነጭ ዓሣ ዝርያዎች ስምንቱ ዓሣ በል፣ ማለትም ሌላ ዓሣ የሚበሉ ናቸው። ምን ይቅደም?

ጉማራ፦ መዝጋቱ ይቅደም። አኩቲሮስትሪስ፣ ሜጋስቶማና ትሩቲፎርሚስ የተባሉት ዓሣ በሎች በክረምት እንቁላል ሊጥሉ ጠጠራማ ወደሆኑት ገባር ወንዞች ሲወጡ የጉማራና የርብ ወንዞች አፍ ላይ መረብ ይጠብቃቸዋል። የነጭ ዓሣ ብዛት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ1999–2001 መካከል 75 በመቶ ያህል ቀንሷል። መረብ ለማንሳት ዝርያ መለየት አያስፈልግም።

ደልጊ፦ ወንድሜ፣ መዝጋቱን አልቃወምም። ግን የሚጠቅመው የሚወጡትን ነው። ጎርጓሪ፣ ዳይኔሊና ሎንጊሲመስ የተባሉት ዓሣ በሎች ወንዝ ውስጥ ሲጥሉ አልተገኙም፤ እዚያው ሐይቁ ውስጥ እንደሚራቡ ነው የሚታሰበው። የወንዙን አፍ ብትዘጋ ለእነሱ ምን አደረግህ? ደግሞ በአንድ ስም ከተመዘነ፣ ዓሣ በሎቹ ሲያልቁ ከእነሱ ያልሆነው ኢንተርሚዲየስ የተባለው ነጭ ዓሣ ሚዛኑን ሊሞላው ይችላል፤ መዝገቡም ደህና ነው ይላል።

ጉማራ፦ ማን ይለያቸዋል? ትንንሾቹ ለባለሙያም ያስቸግራሉ።

ደልጊ፦ ትንንሾቹን «ያልተለየ» ብለህ ጻፍ፤ መገመት መዝገብ ያበላሻል። ትልቁን በጎኑ አስተኛው፣ አፉን ግጠም። ይህ ዋናው ነው፤ የነጭ ዓሣ አፍ ሲከፈት ወደፊት ስለሚወጣ የጭንቅላቱ ቅርጽ ይለወጥብሃል። ከዚያ ማጅራቱን እይ፦ ጉብ ካለ ጎርጓሪን ወይም ዳይኔሊን ጠርጥር፤ ጀርባው ከፊት ሰፋና ዝርግ ካለ ፕላቲዶርሰስን። ዓይኑ ከጭንቅላቱ አንጻር ጎልቶ ትልቅ ከሆነ ማክሮፍታልመስ፣ አፉ በጣም ትልቅ ከሆነ ሜጋስቶማ፣ ጭንቅላቱ ወደፊት ከሾለ አኩቲሮስትሪስ። በአንድ ምልክት ብቻ አትወስን፤ ኢንተርሚዲየስ ቅርጹ እጅግ ይለያያል። ጥርስ ፈልገህ ዓሣ በል ለማለት አትሞክር፤ መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፣ ያለው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው።

ወራሚት፦ ሁለታችሁም አንድ ነገር ዘለላችሁ። ዓሣው ፊሌቶ ሆኖ ከመጣ ጭንቅላቱ የለም፣ የተጠቀሱት ምልክቶች በሙሉ ማለት ይቻላል ጠፍተዋል። ስለዚህ ምዝገባው ጀልባው እንደደረሰ፣ ቢላዋ ሳይነካው መሆን አለበት። ሁሉን መለየት አይቻልም፤ ከየጀልባው 20 ዓሣ ሳይመርጡ ማንሳት፣ ከማስመሪያ ጋር ከጎን ፎቶ ማንሳት፣ ርዝመቱንና የመረቡን ዓይን ስፋት መጻፍ ይበቃል። ትልቁን ብቻ መርጦ ከተነሳ ናሙናው ዋጋ የለውም።

ጉማራ፦ ይህ ይሠራል። ግን መዝገቡ እስኪሞላ ወንዙ አይጠብቅም። የዓሣ ሀብት አዋጁ 315/1995 ወጥቶ ስንት ክረምት አለፈ! ቀጭኑ የሞኖፊላመንት (ባለነጠላ የፕላስቲክ ክር) መረብ አሁንም አፉ ላይ ይዘረጋል።

ደልጊ፦ ሐምሌና ነሐሴ ይዘጋ፣ እስማማለሁ። መስከረምን ግን ጨምር፤ ያኔም የሚጥሉ አሉ። ለጎርጓሪ ደግሞ ሐይቁ ውስጥ ከመረብ ነፃ የሆነ ቦታ ካልተከለለ፣ ወንዝ ዘግተን ጨረስን ማለት አንችልም። ቦታውን የት እንከልል የሚለውን የሚመልሰው ያው የዝርያ መዝገብ ነው።