የልጄ ድምፅ ለኡስታዙ አይሰማም፤ ትምህርቱ ዛሬ 11 ሰዓት ነው!

እናት ከአዳማ (8፡10)
አሰላሙ ዓለይኩም። የምታውቁ ካላችሁ ቶሎ ድረሱልኝ። የ7 ዓመት ልጄ ዛሬ 11 ሰዓት ላይ የመጀመሪያ የቁርኣን ትምህርቱን በኢንተርኔት ይጀምራል። ትናንት ማታ ከወንድሜ ጋር ስንሞክረው የእርሱ ድምፅ ለእኛ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ የእኛ ግን ለእርሱ ጨርሶ አይሰማም። በስልክ ስደውልለት ደግሞ ምንም ችግር የለውም። ልጁ ከምሳ በፊት ጀምሮ ኮፊያውን አድርጎ ተቀምጧል። የቁርኣኑን የመጀመሪያ ምዕራፍ፣ ፋቲሓን፣ በአማርኛ ፊደል ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጥፌለት እርሱን እያጠና ነው። ምን ላድርግ?

ፍራንኮ ሰፈር (8፡16)
ወዓለይኩም ሰላም። ስልኩን አጥፍተሽ መልሰሽ ክፈቺው። የእኔም እንዲሁ ነበር።

የድሮ ደረሳ (8፡25)
ልጄ፣ አላህ ያጽናሽ፤ ሐሳብሽ መልካም ነው። ግን የ7 ዓመት ልጅ ቁርኣንን ከስልክ እንዴት ይቀራል፣ እንዴትስ ይማራል? ቁርኣን ከኡስታዝ አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ የሚተላለፍ ነው። እኛ ወሎ ስንቀራ ጉልበታችን ከኡስታዙ ጉልበት ጋር እስኪነካካ ተጠግተን ነበር። ከጥላሸት በተሠራ ቀለም ሉሕ በሚባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ እንጽፋለን፤ ያንን በቃላችን ካልያዝን ሉሑ አይታጠብም። አንድ ቀን ሳልይዘው አጥቤው የደረሰብኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ልጁን መድረሳ አስገቢው።

እናት ከአዳማ (8፡31)
አባቴ፣ እርስዎ ያሉት እውነት ነው። መድረሳው ግን ከቤታችን ሁለት ባጃጅ ያስይዛል፤ አባቱ ክፍለ ሀገር ነው የሚሠራው፤ እኔም ከዛሬ በስተቀር ከሥራ የምገባው አመሻሽ ላይ ነው። ልጁን ብቻውን መንገድ አላሻግረውም። አሁን የቸገረኝ ድምፁ ነው።

ጠጋኝ (8፡34)
በምንድን ነው የምትገናኙት? ስልኩስ ምን ዓይነት ነው? በዙም ከሆነ፣ ከታች በማይክሮፎኑ ምልክት ቦታ የጆሮ ማዳመጫ ምልክት ካየሽ ድምፁ ገና አልተገናኘም ማለት ነው። እርሱን ነክተሽ በኢንተርኔት አገናኚው።

እናት ከአዳማ (8፡37)
በዙም ነው። ስልኩ ሳምሰንግ ነው። የጆሮ ማዳመጫ ምልክት የለውም።

አዳሬ ሰፈር፣ ሐዋሳ (8፡41)
ጠጋኝ፣ የወንድሟ ድምፅ ይሰማናል ብላለች እኮ፤ ድምፁ ባይገናኝ ኖሮ እርሱንም አይሰሙትም ነበር። በጥሪ ጊዜም ደህና ከሆነ ማይክሮፎኑ አልተበላሸም። ዙም ሲጫን «ማይክሮፎን ልጠቀም?» ብሎ ሲጠይቅ አንድ ሰው «አይሆንም» ብሎታል፤ ምናልባትም ልጁ ራሱ። እህቴ፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ ከአፕሊኬሽኖቹ ዝርዝር ዙምን ፈልጊ፤ ፈቃድ የሚለውን ክፈቺና ማይክሮፎኑን ፍቀጂለት። ከዚያ ከዙም ወጥተሽ እንደገና ግቢ። የማይክሮፎኑ ምስል ላይ ቀይ ሰረዝ ካለበትም አንዴ ንኪው።

የሰፈር ጎረቤት (8፡44)
ስልኩን አጥፍታ ብትከፍተው ይስተካከላል።

አስቀሪ ነኝ፣ ሐዋሳ (8፡52)
እህቴ፣ ከድምፁ ይልቅ ያስደነገጠኝ ግድግዳው ላይ የለጠፍሽው ወረቀት ነው። በአላህ ይዤሻለሁ፣ አሁኑኑ አንሺው። ለልጅሽ አስበሽ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ሥራ እያበዛሽበት ነው። «አልሐምዱ» እና «ኢህዲና» ብለሽ ስትጽፊለት ልጁ ሐ እና ህን በአንድ ድምፅ ነው የሚያነባቸው፤ አማርኛ ሐን፣ ኀን እና ሀን አንድ አድርጓቸዋላ። በዐረብኛ ግን ሦስቱ ሦስት ፊደል ናቸው፤ የሚወጡበት ቦታም የተለያየ ነው። «ዓለሚን» ላይም ዐይን የሚባለው ፊደል ይጠፋና አሊፍ፣ ማለትም እንደ አ፣ ይሆናል። የዐረብኛው ቃፍም የእኛ ቀ አይደለም። ቀ፣ ጠ፣ ጸ ስንል ጉሮሯችንን ዘግተን እናፈነዳቸዋለን፤ የዐረብኛዎቹ ቃፍ፣ ጧ እና ሷድ ግን እንዲህ አይፈነዱም። ልጁ ደግሞ በአማርኛው ልማድ ሁሉንም ሲያፈነዳ ይከርማል። ወይ አጥብቆ እንዳይላቸው ብሎ ቃፍን ካፍ ያደርገዋል፤ ያኔ ቀልብ ማለት ልብ መሆኑ ይቀርና ከልብ፣ ማለትም ውሻ፣ ይሆናል! እኔ ዘንድ በዚህ መንገድ ሸምድደው የመጡ ልጆችን ከማስተካከል ምንም ያልያዘ ልጅ መጀመር ይቀለኛል። ዛሬ ባዶውን ይግባ። ኡስታዙ በቃዒዳ፣ ማለትም በዐረብኛ ፊደል መማሪያው መጽሐፍ፣ ከአንድ ፊደል ይጀምርለታል።

ይልቅ ልጅሽን አንድ ነገር አለማምጂው። በአማርኛውም በኦሮምኛውም ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚያነበው፤ ቃዒዳው ግን ከቀኝ ይከፈታል፣ ከቀኝ ይነበባል። እጁ እስኪለምድ አሥር ጊዜ ያህል እንዲገልጥ አድርጊው። በወረቀት ያለ ቃዒዳ አግኚለት፤ የስልኩ መስታወት ላይ ነጥቦቹ ስለሚያንሱ ባ፣ ታ እና ሳ ይምታቱበታል። ፊደሉን የሚጠቁምበት ቀጭን እንጨትም ስጪው። መጽሐፉን ለካሜራው ስታሳዩ እናንተ ጋ ተገልብጦ ቢታይ አትደንግጡ፤ ኡስታዙ የሚያየው በትክክሉ ነው።

የድሮ ደረሳ (9፡03)
ስለ ቃፉ እውነት ተናግረሃል። እንጨቷን አትርሺ፤ እኛ የስንደዶ ነበር የምንይዘው።

እናት ከአዳማ (9፡08)
ወረቀቱን አነሣሁት፤ ልጁ ትንሽ አኮረፈ። ጀዛኩሙላሁ ኸይረን። ፈቃዱን አሁን እፈልገዋለሁ። ኡስታዙ «5 ሰዓት» ብሎ ነው የጻፈልኝ፤ በእኛ 11 ሰዓት ነው አይደል?

አዳሬ ሰፈር፣ ሐዋሳ (9፡10)
ኡስታዙ ያለው የት ነው?

እናት ከአዳማ (9፡11)
ካይሮ።

አዳሬ ሰፈር፣ ሐዋሳ (9፡15)
እንግዲያው 11 አይደለም! ግብፆች በበጋቸው ሰዓታቸውን ስለሚገፉ ከእኛ ጋር እኩል ይሆናሉ፤ አሁን ታኅሣሥ ላይ ግን ከእኛ በ1 ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው። የካይሮ 5 ሰዓት የእናንተ ምሽት 12 ሰዓት ነው። አንድ ሰዓት ተርፎሻል ማለት ነው። ደግሞም ትምህርቱ ከመግሪብ፣ ከምሽቱ ሰላት፣ ጋር ይገጥማልና አሁኑኑ ለኡስታዙ ጻፊለት፤ ሰላታችሁን ሰግዳችሁ በእኛ 12፡30 እንዲጀምር ጠይቂው።

የሁለት ልጆች አባት (9፡22)
ስልኩን አሁን ሰክታችሁ ሙሉ አድርጉት፤ መብራት የሚጠፋው በትክክል በዚያ ሰዓት ነው። በሩ ተከፍቶ፣ ሳሎን ይቀመጥ። አንቺም እዚያው አጠገቡ ሁኚ፤ ማንም ኡስታዝ ቢሆን ልጅን ከማያውቀው ሰው ጋር በስልክ ብቻውን አንተወውም። ኔትዎርኩ ከደከመ ምስሉን አጥፊው፣ ድምፁ ይበቃል። ልጁ ዝም ካለ ደግሞ አትቆጪው፤ እርሱን ወክለሽም አትመልሺለት። የእኔዋ በመጀመሪያው ቀን ከመጋረጃው ኋላ ሆና ነው የተማረችው። በሦስተኛው ቀን ጠረጴዛው ላይ ወጥታ ነበር።

ፍራንኮ ሰፈር (9፡30)
አጥፍተሽ ከፈትሽው?

አስቀሪ ነኝ፣ ሐዋሳ (1፡40)
እህቴ፣ ተጀመረ? ድምፁ ተሰማ? ቃዒዳ ካላገኘሽም ንገሪኝ፤ ወደ አዳማ የሚመጣ ሰው አለኝ።