ከመርከቡ ወርደን ደሴቶቹን በራሳችን ብናይስ?

የሆጤዋ (ጠያቂ)

ሰላም ናችሁ ወገኖቼ። ከደሴ ነኝ። ወንድሜ ጀርመን ነው የሚኖረው። ዘንድሮ እናቴንና እኔን ወስዶ የግሪክን ደሴቶች በመርከብ ሊያዞረን አስቧል። ጉዞው መስከረም መጨረሻ ላይ ነው፤ አራት ሌሊት። ከአቴንስ አጠገብ ካለው ፒሬዎስ ወደብ ተነስቶ በቱርክ ኩሻዳሲ፣ በፍጥሞ፣ በሮድስ፣ በቀርጤስና በሳንቶሪኒ እየቆመ ይመለሳል። በየወደቡ ግማሽ ቀን፣ አንዳንዱም ጋ ከዚያ ያነሰ ነው የሚቆመው።

በየደሴቱ መርከቡ የሚያዘጋጀው ጉብኝት ለብቻው ይከፈልበታል። በሦስት ሰው ስናባዛው ወንድሜ ራሱን ያዘ። «ወርደን በራሳችን እንዞራለን» ይላል። እኔ ደግሞ ውሃ ላይ የሄድኩት አንዴ ሐይቅ ከተማ በጀልባ ነው፤ እሱንም ዓይኔን ጨፍኜ። መርከቡ ጥሎን ቢሄድስ? እናቴ 67 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል። ከሁሉም የምትፈልገው ፍጥሞን ብቻ ነው። «ዮሐንስ ራእዩን ያየበትን ካየሁ ሌላው ምርቃት ነው» ትላለች። የሄደ ሰው ካለ እስቲ ንገሩኝ።

ሐረጎ

እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ። እኔ የመዝናኛ መርከብ ላይ ሁለት ዓመት ክፍል አስተካካይ ነበርኩ፤ በዚያ መስመርም ሠርቻለሁ። በራሳችሁ መዞር ትችላላችሁ። ጉብኝት ግዙ ብሎ የሚያስገድድ የለም። የመርከብ ካርዳችሁን ስትወርዱም ስትመለሱም ታስነካላችሁ፤ በቃ።

የፈራሽው ነገር ግን እውነት ነው። መርከቡ የራሱ ጉብኝት አውቶቡስ ቢዘገይ ይጠብቃል። ወንድምሽ የያዘው ታክሲ ጎማው ቢፈነዳ አይጠብቅም። ለጉብኝቱ ከምትከፍሉት ብር ግማሹ የዚህ ዋስትና ነው በይው። አንድ ቀን ባልና ሚስት ወደቡ ላይ ሲሮጡ ከላይ ሆነን አይተናል። ሴትዮዋ ጫማዋን በእጇ ይዛለች። ሰውዬው ትልቅ የወይራ ዘይት ጣሳ አቅፎ ነበር፤ ጣሳውን ጥሎ ቢሮጥ ይደርስ ነበር እላለሁ እስከ ዛሬ። መወጣጫው ተነስቷል፣ ገመዱ ተፈቷል። ፓስፖርታቸው ከክፍላቸው ካዝና ወጥቶ ወደቡ ላይ ላለው የመርከቡ ወኪል ተሰጥቷል። ከዚያ በኋላ ጀልባውም ሆቴሉም ከራሳቸው ኪስ ነው።

ማታ ማታ የነገው ፕሮግራም በወረቀት ክፍላችሁ ይገባል። እሱ ላይ ሁለት ሰዓት ታያላችሁ። አንዱ መርከቡ የሚነሳበት ነው። ሌላው መንገደኛ ሁሉ ገብቶ ማለቅ ያለበት፣ አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት ቀደም የሚል። የእናንተ ሰዓት ይኼኛው ነው። እኔ ብሆን ከእሱም አንድ ሰዓት ቀድሜ ወደቡ ላይ ቡናዬን እየጠጣሁ እገኛለሁ። የወኪሉ ስልክም እዚያው ወረቀት ላይ ስለሚኖር ከመውረዳችሁ በፊት በስልክሽ ፎቶ አንሺው።

ደግሞ 17፡30 ሲል በእኛ 11፡30 ማለት ነው። መስከረም ላይ የግሪክም የቱርክም ሰዓት ከደሴ ጋር እኩል ስለሆነ እናትሽ የእጅ ሰዓታቸውን እንዳይነኩ። የጀርመን ሰዓት ግን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው። የወንድምሽ ስልክ በራሱ ካልቀየረ ያን ቀን ጣሳ ታቅፋችሁ የምትሮጡት እናንተ ናችሁ።

የገርባው

ሐረጎ ልክ ነው፤ ግን አታስፈራራት። እኔና ባለቤቴ አምና ከሞላ ጎደል ይኸንኑ መስመር ሄደናል። ለጉብኝት አምስት ሳንቲም አልከፈልንም።

ሮድስ ላይ ጉብኝት መግዛት ብር መጣል ነው። ከመርከቡ ወርደሽ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው፤ የአሮጌው ከተማ ግንብ ፊት ለፊትሽ ቆሞ ይጠብቅሻል። ከበሩ ስትገቢ ጠጠር የተነጠፈበት ጠባብ መንገድ ነው። የባላባቶቹ ጎዳና፣ የሱለይማን መስጊድ፣ ሱቆቹ፣ ሁሉም እዚያው ግንቡ ውስጥ ነው። ጠጠሩ ግን ለጉልበት አይመችም፤ እናትሽ ተረከዙ ዝቅ ያለና የማያንሸራትት ጫማ ያድርጉ። ሊንዶስ የሚባለውን ግን ተዉት። ቅዱስ ጳውሎስ የወረደበት ወደብ ነው ይላሉ፤ ያምራልም። ሆኖም 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ደርሶ መልሱ ቀናችሁን ይበላዋል።

ቀርጤስም ቀላል ነው። መርከቡ የሚቆምበት ሄራክሊዮን ወደቡና ከተማው ተያይዘዋል። የክኖሶስ ጥንታዊ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ 5 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ የከተማ አውቶቡስ ይሄዳል።

ኩሻዳሲ ላይ ኤፌሶንን ሳታዩ እንዳትመለሱ፤ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዶልሙሽ የሚሏቸው ሚኒባሶች ኤፌሶን አጠገብ ወዳለችው ሰልጁክ ከተማ ይወጣሉ። ዶልሙሽ «የሞላ» ማለት ነው አሉኝ፤ የደሴ መናኸሪያ ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ። ከኤፌሶን በላይ ተራራው ላይ የእመቤታችን የማርያም ቤት የሚባል አለ። እዚያ ሚኒባስ የለም፤ በታክሲ ነው። ክርስቲያኑም እስላሙም ይሳለመዋል። ባለቤቴ ዱዓ አድርጋ ስትወጣ ከፊቷ አንዲት ግሪካዊት አሮጊት ያማትቡ ነበር። እኛ ወሎዬዎች ይኼ አይገርመንም።

ሐረጎ

የገርባው፣ ሳንቶሪኒን ዘለልካት እኮ! እዚያ ስንት ተሰለፍክ?

የገርባው

ተው አታስታውሰኝ። አንድ ሰዓት ከሩብ፣ በፀሐይ።

ሐረጎ

እንግዲህ እሱ ያላለውን እኔ ልንገርሽ። ሳንቶሪኒ ላይ መርከቡ ወደብ አይጠጋም። ባሕሩ ላይ ይቆምና በትንንሽ ጀልባ ያወርዷችኋል። በጀልባው መጀመሪያ የሚወርዱት የመርከቡን ጉብኝት የገዙት ናቸው፤ ሌላው ቁጥር ይዞ ተራውን ይጠብቃል። ከታች ከአሮጌው ወደብ ፊራ ከተማ ድረስ ገደሉ ቀጥ ያለ ነው። ወይ በገመድ የሚሳበው ኬብል ካር ነው፣ ወይ ከ500 በላይ ደረጃ፣ ወይ በቅሎና አህያ። ለእናትሽ ደረጃው አይታሰብም። በቅሎዎቹም በዚያው ደረጃ ስለሚመላለሱ ፋንድያው ያንሸራትታል። አሸተን ማርያምን በበቅሎ የወጣ ሰው ያውቀዋል፤ እዚያ ቢያንስ የሚያባርር ሰዓት የለም።

ሲወጡ ሁሉም በየተራው ስለሚመጣ ሰልፉ ይቻላል። ሲመለሱ ግን የሁለት የሦስት መርከብ ሰው በአንድ ጊዜ ኬብል ካሩ ላይ ይወርዳል። ስለዚህ ፊራን በእግር ዞር ዞር ብላችሁ፣ ባሕሩን ከላይ አይታችሁ፣ ከሌላው ሰው ቀድማችሁ ውረዱ። ኦያ የምትባለው ነጭ መንደር በአውቶቡስ ግማሽ ሰዓት ገደማ ናት፤ ጊዜ ከተረፈ ብቻ። ነፋስ ከበረታ ደግሞ ካፒቴኑ ደሴቷን ጨርሶ ሊዘላት ይችላል። ስለዚህ ገንዘብ የማይመለስበት መኪናም ሆነ አስጎብኚ አስቀድማችሁ እንዳትከፍሉ።

የመርሳዋ

ውዴ፣ አቴንስ ነው የምኖረው። ስለ ቪዛ ማንም አላነሳም! ከግሪክ ወጥታችሁ ቱርክ ስትገቡ ከሸንገን (በአንድ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) ወጣችሁ ማለት ነው፤ ፍጥሞ ስትደርሱ እንደገና ትገባላችሁ። ስለዚህ የአንቺም የእናትሽም ቪዛ ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ መሆን አለበት። ይኼን ቪዛ ስታመለክቱ ነው መጠየቅ ያለባችሁ፤ ኋላ አይስተካከልም። ኩሻዳሲ ለመውረድ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ምን እንደሚያስፈልገውም ኩባንያውን በጽሑፍ ጠይቁት። በስልክ «ችግር የለም» ቢሏችሁ አትመኑ።

የወንድምሽ የጀርመን ሲም ግሪክ ውስጥ እንደ ቤቱ ይሠራል። ቱርክ ግን የአውሮፓ ኅብረት አይደለችም፤ ይቆርጥበታል። መርከቡ ባሕር ላይ እያለ ደግሞ ስልኩ የሳተላይት ኔትወርክ ይይዝና ቢሉ ያስደነግጣል፤ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት። እ.ኤ.አ. ከ2025 ወዲህ ግሪክ ከመርከብ መንገደኛ ላይ የወደብ ክፍያ ትቀበላለች፤ ሳንቶሪኒ ላይ ከሌላው ይበዛል። ቲኬቱ ውስጥ መካተት አለመካተቱን እዩ።

ረቡዕና ዓርብ ለሚጾሙት ለእናትሽ፦ ምግብ ቤት ገብታችሁ «ኒስቲሲማ» ስትሉ የጾም ምግብ መሆኑ ይገባቸዋል። ግን የእነሱ ጾም ኦክቶፐስና ሽሪምፕ ይፈቅዳል። እኔ የመጀመሪያ ዓመት ስምንት እግሩን ዘርግቶ ሳህን ላይ መጥቶልኝ ወንበሬን ገፍቼ ተነስቻለሁ። «ባቄላ፣ ሽሮ መሰል ነገር» ብላችሁ ለይታችሁ እዘዙ። ፋቫ የሚሉት የአተር ክክ ቅቅል አለ፤ እናትሽ ይወዱታል።

የሆጤዋ (ጠያቂ)

ኧረ እግዜር ይስጥልኝ! ቪዛውን ወንድሜ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ሊሞላው ነበር። አሁን አስቆምኩት።

ፍጥሞስ? ፕሮግራሙ ላይ ከ17፡00 እስከ 21፡00 ይላል። በእኛ ከ11 እስከ 3 ሰዓት ማታ ማለት ነው አይደል? ዮሐንስ ራእዩን ያየበት ዋሻ ከወደቡ ይርቃል?

የመርሳዋ

አዎ፣ ልክ ቆጥረሻል። እኔ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። መርከብ የሚቆመው ስካላ የሚባለው ወደብ ላይ ነው። ላይ ኮረብታው ላይ ሆራ የሚባል መንደር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1088 የተመሠረተው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም እዚያ ነው፣ እንደ ምሽግ ጥቁር ግንብ። ዋሻው በመንገዱ አጋማሽ ላይ ነው። በታክሲ ደቂቃዎች ነው።

ርቀቱ አያሳስባችሁ። ጭንቁ ዋሻውም ገዳሙም ከሰዓት በኋላ የሚዘጉባቸው ቀናት መኖራቸው ነው። 11 ሰዓት ላይ ደርሳችሁ፣ ታክሲ ይዛችሁ ወጥታችሁ፣ በሩ ተቆልፎ ብታገኙት እናትሽ ምን ይላሉ? መርከቡ ጉብኝት ካዘጋጀ ግን ሰዓቱን አስቀድሞ የሚነጋገረው እሱ ነው። ስለዚህ የእኔ ምክር ከሌላው ሰው የተገላቢጦሽ ነው። ሮድስ፣ ቀርጤስ፣ ሳንቶሪኒ በራሳችሁ። ፍጥሞን በመርከቡ ጉብኝት። ከመክፈላችሁ በፊት ግን «ዋሻው ውስጥ እንገባለን ወይስ ከውጭ ነው የምናየው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ወደ ዋሻው ደረጃ ወርዶ ነው የሚገባው። ለእናትሽ ጉልበት መውረዱ ሳይሆን መመለሱ ነው የሚከብደው፤ ወንድምሽ ከኋላ ይሁን። ውስጡ ትንሽ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ተደርቦበታል። ጣሪያው ዓለት ላይ ሦስት ቦታ የተሰነጠቀ መስመር ያሳዩሻል፤ በሥላሴ ምሳሌ ድምፁ ሲመጣ የተሰነጠቀ ነው ይላሉ። ከታች ግድግዳው ላይ ዮሐንስ ራሱን ያሳርፍበት ነበር የሚሉት ጉድጓድ አለ፣ ዙሪያው በብር ተለብጧል። አለባበስ ላይ ቁምጣና እጀ ጉርድ አይፈቀድም። እናትሽ በቀሚስና በነጠላቸው ቢሄዱ በር ላይ ያለው መነኩሴ ራሱ ጎንበስ ይልላቸዋል።

የሆጤዋ (ጠያቂ)

ወንድሜ እሺ ብሏል፤ የፍጥሞን ጉብኝት ብቻ እንይዛለን። እናቴ ከአሁኑ ጧፍ ገዝታ ሻንጣው ውስጥ አስገብታለች። አንድ ጥያቄ ብቻ አላት፦ ከዋሻው ትንሽ ጠጠር ይዞ መምጣት ይቻላል ወይ? ጉልበቷን ልታሽበት።

የመርሳዋ

ኧረ በስመ አብ! ጠጠር እንዳይነኩ፣ ያስወጧቸዋል። ጧፉን ይዘው ይምጡ።

ሐረጎ

ጧፉ ክፍል ውስጥ እንዳይበራ ንገሪያቸው። መርከብ ላይ እሳት ክልክል ነው፤ የጭስ ደወል ይጮኻል። የሚሮጠው ደግሞ እንደ እኔ ያለ ምስኪን ክፍል አስተካካይ ነው።