የጋራ ፕሮፖዛል፦ ከዕፅዋት የሚገኙ ውህዶች በኮሮናቫይረስ ላይ (የዕቅድ ውይይት)

አስተባባሪ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ ባለፈው ሳምንት ለሁላችሁም በተላከው ረቂቅ መሠረት ሐሳባችን ከዕፅዋት የተገኙ 120 ውህዶችን በዶኪንግ፣ ማለትም ውህዱ ከፕሮቲን ጋር እንዴት እንደሚገጥም በሚገምት የኮምፒውተር ስሌት፣ ከቫይረሱ ዋና ፕሮቲኤዝ (ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም) ጋር እያገናኘን በውጤታቸው ከደረደርናቸው በኋላ፣ ከላይ የሚገኙትን 20 ወደ ላቦራቶሪ መውሰድ ነው። በዒላማው ምርጫ ላይ እስካሁን ተቃውሞ አልቀረበም፤ ይህ ኢንዛይም የቫይረሱን ረጅም የፕሮቲን ሰንሰለት ቢያንስ 11 ቦታ ላይ ካልቆረጠ ቫይረሱ ሊባዛ አይችልም፣ በሰው ሕዋስ ውስጥም በተመሳሳይ ምልክት ላይ የሚቆርጥ ኢንዛይም አይታወቅም። ስለዚህ አስተያየታችሁን በሥራው ቅደም ተከተል ላይ እንድታተኩሩ እጠይቃለሁ።

የዕፅዋት ኬሚስትሪ ባልደረባ፦
ቅደም ተከተሉን እቃወማለሁ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጡትን የዶኪንግ ጽሑፎች ያነበበ ሰው ኩዌርሴቲን፣ ኩርኩሚንና የአረንጓዴ ሻይ ካቴኪን ከዝርዝሩ አናት ጠፍተው እንደማያውቁ ያስታውሳል። ምክንያቱ ደግሞ የተለየ ኃይላቸው ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ሃይድሮክሲል (የኦክስጅንና ሃይድሮጅን ጥምር) የተሸከመ ሰፋ ያለ ሞለኪውል ለየትኛውም የፕሮቲን ጉድጓድ ቢቀርብ የሚይዘው ነገር ስለማያጣ፣ ስሌቱ ከፍ ያለ ነጥብ ይሰጠዋል። በተጨማሪም እነዚሁ ውህዶች ላቦራቶሪ ውስጥም ያታልላሉ። ኩርኩሚንን እንውሰድ፦ የኢንዛይሙ ሥራ የሚለካው በሚፈነጥቀው ብርሃን ከሆነ፣ ቢጫው ኩርኩሚን ብርሃኑን ራሱ ስለሚውጠው የመለኪያው ጉድጓድ ይደበዝዛል፣ መሣሪያውም ኢንዛይሙ እንደተገታ አድርጎ ይመዘግባል፤ ኢንዛይሙ ግን ሥራውን አላቋረጠም።

እኔም በዚህ መንገድ ተታልዬ አውቃለሁ። አንድ የቅጠል ኤክስትራክት የሞከርኩትን ኢንዛይም ሁሉ ሲገታልኝ ስድስት ሳምንት ሙሉ ደስ ብሎኝ ስለፋ ቆየሁ። በመጨረሻ ታኒኑን ለይቼ ሳወጣው ኤክስትራክቱ ምንም የማይሠራ ሆኖ ተገኘ፤ ታኒን ያገኘውን ፕሮቲን ሁሉ ጠቅልሎ የሚያዘቅጥ ነውና። ስለዚህ የማታለያ መፈተኛው ከዶኪንግ በፊት ይጻፍ፦ እያንዳንዱ ውህድ 0.01 በመቶ ትራይቶን ኤክስ-100 የተባለ ዲተርጀንት (ሳሙና መሰል ንጥረ ነገር) ባለበትና በሌለበት፣ እንዲሁም ዲቲዮትሬይቶል የተባለ፣ በሰልፈሩ ሌሎች ውህዶችን የሚይዝ ኬሚካል ባለበትና በሌለበት ይለካ። ዲተርጀንት ሲጨመር የሚጠፋ ውጤት ሞለኪውሎቹ ተጠራቅመው ኢንዛይሙን እንደሸፈኑት ያመለክታል። ዲቲዮትሬይቶል ሲጨመር የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ውህዱ ያገኘውን ሲስቴይን (ሰልፈር ያዘለ የፕሮቲን አሚኖ አሲድ) ሁሉ የሚነካ መሆኑን መጠርጠር አለብን።

የመዋቅራዊ ባዮሎጂ ባልደረባ፦
በፈተናው እስማማለሁ፣ ነገር ግን ፖሊፌኖሎችን (እንደ ኩዌርሴቲንና ካቴኪን ያሉትን) በጅምላ እንዳንጥል አሳስባለሁ። ባይካሌይን የሚባለው የስኩቴላሪያ ሥር ፍላቮኖይድ ከዚሁ ፕሮቲኤዝ ጋር በአንድ ክሪስታል ውስጥ ታይቷል፤ ሚሪሴቲን ደግሞ ከ145ኛው ሲስቴይን ጋር በኮቫለንት (ጠንካራ ኬሚካላዊ) ትስስር ተጣብቆ ተገኝቷል። ክሪስታል የመድኃኒትነት ማረጋገጫ ባይሆንም፣ ውህዱ የት ቦታ ላይ እንደተቀመጠ በዓይን ያሳያል። ሁለቱን እንደ ማነጻጸሪያ እንያዛቸውና ፈተናውን ካለፉ ይቀጥሉ፣ ካላለፉም ያንን በይፋ እንጻፍ።

የቫይረስ ጥናት ባልደረባ፦
ረቂቁ «በቬሮ ሕዋስ ላይ ይሞከራል» ብሎ ማለፉ አሳስቦኛል፤ ቬሮ የጦጣ ኩላሊት ሕዋስ ነው። ክሎሮኪን በቬሮ ሕዋስ ላይ ቫይረሱን ሲገታ፣ ካሉ-3 በተባለው የሰው ሳንባ ሕዋስ ላይ ግን አልገታውም፤ ምክንያቱም ቫይረሱ በሳንባ ሕዋስ ውስጥ ቲኤምፒአርኤስኤስ2 የተባለውን ኢንዛይም ተጠቅሞ ክሎሮኪን በማይደርስበት መንገድ ይገባል። ጉዳዩ አልካሎይዶቻችንን (ናይትሮጅን ያዘሉ የዕፅዋት ውህዶችን) በቀጥታ ይመለከታል፣ ብዙዎቹ እንደ ክሎሮኪን አሲዳማ በሆነው የሕዋስ ክፍል ውስጥ የመከማቸት ጠባይ አላቸውና። በዚህ ላይ ቬሮ ሕዋስ አንዳንድ ሞለኪውሎችን ወደ ውጭ መልሶ ይተፋል፤ ይህንኑ ፕሮቲኤዝ የሚገታው መድኃኒት ኒርማትሬልቪር እንኳ በዚህ ሕዋስ ላይ ትክክለኛ ኃይሉን የሚያሳየው የማስወጫ ፓምፑ ሲዘጋ ነው። ስለዚህ አንድም የሐሰት ተስፋ፣ አንድም የሐሰት ውድቀት ይጠብቀናል። መነሻችን ካሉ-3 ይሁን፣ ኒርማትሬልቪርና ሌላው ፀረ-ቫይረስ መድኃኒት ሬምደሲቪር በእያንዳንዱ ሳህን ላይ እንደ ማነጻጸሪያ ይቀመጡ። የባዮሴፍቲ ደረጃ 3 (ለአደገኛ ተዋሲያን የሚያስፈልግ ጥብቅ ጥንቃቄ ያለው) ላቦራቶሪ የሌላቸው አባላት ጉንፋን በሚያመጣው በ229ኢ ኮሮናቫይረስ በደረጃ 2 መጀመር ይችላሉ።

የፋርማኮሎጂ ባልደረባ፦
ከእኔ በኩል አጭር ነው። ኤሜቲን የተባለው የኢፔካክ ተክል አልካሎይድ በሕዋስ ላይ እጅግ ኃይለኛ ነው፣ ነገር ግን የሰውንም ሕዋስ የፕሮቲን ምርት ያቆማል፣ ልብንም ይጎዳል። ስለዚህ ቫይረሱን ብቻ መለካት አይበቃም፤ ሕዋሱን የሚገድለው መጠን ቫይረሱን ከሚገታው ጋር ያለው ርቀት ለእያንዳንዱ ውህድ በዚያው ዕለት፣ በዚያው የሕዋስ ክምችት ይለካ። ኩዌርሴቲንን በተመለከተ፣ በአፍ ሲወሰድ በአንጀትና በጉበት አብዛኛው ወደ ግሉኩሮናይድና ሰልፌት ስለሚለወጥ፣ ደም ውስጥ የሚደርሰው ሳህን ላይ ከሞከርነው ሞለኪውል ይለያል።

የመዋቅራዊ ባዮሎጂ ባልደረባ፦
እንዲህ ከሆነ በ120 ውህድ መጀመሩ አቅማችንን ያሟጥጣል፤ እያንዳንዱን በአራት ሁኔታ መለካት አለብንና። ቁጥሩን ወደ 30 እናውርደው፣ ዶኪንጉም ከመለኪያው በኋላ ይምጣ፣ ያለፉትን ለመረዳት እንጂ ለመምረጥ አይሁን።

አስተባባሪ፦
ተቀብያለሁ። ሁለተኛው ክፍል እንዲህ ይነበባል፦ «ንጽህናቸው ተለክቶ የተመዘገበ 30 ውህዶች ዲተርጀንትና ዲቲዮትሬይቶል ባሉባቸውና በሌሉባቸው ሁኔታዎች ይለካሉ። በሁሉም ሁኔታ ውጤታቸው የጸናው ብቻ ወደ ካሉ-3 ሕዋስ ይሸጋገራሉ፤ የሕዋስ ጉዳትም በተመሳሳይ ጊዜ ይለካል። ዶኪንግ ያለፉትን ውህዶች ለማብራራት ያገለግላል።» የቀረ ተቃውሞ ካለ ዛሬውኑ ይቅረብ።

የዕፅዋት ኬሚስትሪ ባልደረባ፦
በአንቀጹ ላይ ተቃውሞ የለኝም፣ በርዕሱ ላይ ግን አለኝ። ረቂቁ አሁንም «ከዕፅዋት የሚገኙ ፀረ-ኮሮናቫይረስ መድኃኒቶች» ይላል። በዚህ ፕሮፖዛል ዘመን የሚሞከረው ኢንዛይምና ሕዋስ ብቻ ስለሆነ፣ ገንዘብ ሰጪውም ሆነ ርዕሱን ብቻ አንብቦ ቅጠል ሊቀቅል የሚነሳ ሰው ያልሠራነውን ሥራ እንደሠራን እንዲያስብ ማድረግ የለብንም። «የዋናውን ፕሮቲኤዝ ሥራ የሚገቱ የዕፅዋት ውህዶች ፍተሻ» ቢባልስ?

አስተባባሪ፦
እንደተባለው ተስተካክሏል። የተሻሻለው ሰነድ በአዲሱ ርዕስ ተልኮላችኋል።