ማሩ ረጋብኝ፤ ስኳር ገብቶበት ይሆን?

ሰፈፍ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ፍራንክፈርት ነው የምኖረው። እናቴ ከጎጃም ያስመጣችውን ማር ለሁለት ከፍላ ላከችልን። 2 ኪሎ ለእኔ፣ 2 ኪሎ ዱባይ ላለችው እህቴ። ሲደርሰኝ ከማንኪያ ላይ እንደ ክር ይወርድ ነበር። ምድር ቤት አስቀመጥኩት። ሁለት ወር ሳይሞላው ከሥሩ ረጋ። አፍ ላይ አሸዋ አሸዋ ይላል። ከላዩ ደግሞ ሁለት ጣት የሚሆን ቀጭን ፈሳሽ ቆሟል። የእህቴ ግን እስከ ዛሬ አልረጋም። ባለቤቴ «ስኳር ቀላቅለውባታል» ይላል። እናቴ ከሰውየው ስትገዛ ዓመታት አልፈዋል። ሳላጣራ እንዲህ ያለ ነገር ልነግራት አልፈልግም። እውነት ስኳር ነው? ደግሞስ ድስት ላይ ባፈላው ይመለስልኛል?

የአዋሬዋ
እባክሽ እንዳትጥዪው! እኔ አንዴ እንዲሁ ረግቶብኝ ደፋሁት፤ እስካሁን ይቆጨኛል። በክብሪት ፈትኚው ይባላል። ማር የነካው ክብሪት ከተቀጣጠለ ንጹሕ ነው።

ንብ አርቢው
የክብሪቱን ነገር ተዉት። የሚናገረው ስለ ውሃ ብቻ ነው፤ ወፍራም የስኳር ሽሮፕም ያልፈዋል። መርጋቱም ስኳር መግባቱን አያሳይም። የትግራይ ነጭ ማር ቶሎ ነው የሚረጋው፣ የሚወደደውም እንደዚያው ነው። የአበባው ዓይነት ይወስነዋል። የአንቺና የእህትሽ ግን ከአንድ ዕቃ የተቀዳ ነው። ስለዚህ ልዩነቱ ያለው አቀማመጡ ላይ ነው። ምድር ቤትሽ ስንት ዲግሪ ነው?

ሰፈፍ
አሁን ወርጄ ለካሁት፤ 13 ዲግሪ ነው። እህቴን ጠየቅኳት፤ እሷ ዘንድ ኩሽናው ከ24 አይወርድም።

የኬሚስትሪ መምህር
መልሱ ይኸው። ማር ለመርጋት እንደ 14 ዲግሪ አካባቢ የሚመቸው ሙቀት የለም።

ምክንያቱን ላስረዳሽ። 100 ግራም ማር ውስጥ ወደ 38 ግራም ፍሩክቶስ፣ ወደ 31 ግራም ግሉኮስና ወደ 17 ግራም ውሃ አለ። ሁለቱ ስኳሮች የተሠሩት ከአንድ ዓይነት ቁሳቁስ ነው፤ 6 ካርቦን፣ 12 ሃይድሮጅን፣ 6 ኦክስጅን። አሰካካቸው ግን ይለያያል። ፍሩክቶስ ውሃ ውስጥ በቀላሉ ይሟሟል፣ እንደሟሟም ይቀራል። ግሉኮስ እንደዚያ አይደለም። ንቦቹ በክንፋቸው አራግበው ውሃውን ስለሚያተኑት፣ የተረፈው ውሃ ያን ሁሉ ግሉኮስ መያዝ ከሚችለው በላይ ይሆንበታል። አንድ የአበባ ብናኝ ወይም አንዲት የሰፈፍ ፍርፋሪ መነሻ ትሆነዋለች። ሞለኪውሎቹ እዚያ ላይ ተራ በተራ ይደረደራሉ። ያ አሸዋ የምትዪው እሱ ነው፤ ከማሩ ከራሱ የወጣ ግሉኮስ።

ብርዱ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛ፣ ግሉኮሱ ሟሙቶ እንዳይቆይ ይገፋዋል። ሁለተኛ፣ ማሩን ያወፍረዋል፤ ሞለኪውሎቹም መንቀሳቀስ ያቅታቸዋል። በ14 አካባቢ ሁለቱ ይመጣጠናሉ። ለዚህ ነው ፍሪዘር ውስጥ የተቀመጠ ማር የማይረጋው። ቀዝቅዟል፣ ግን ሞለኪውሎቹ ከቦታቸው መነቃነቅ አልቻሉም።

ሰፈፍ
መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ከላይ የቆመው ቀጭን ፈሳሽስ? ባለቤቴን ይበልጥ ያስጠረጠረው እሱ ነው።

የኬሚስትሪ መምህር
ግሉኮስ ሲረጋ ለእያንዳንዱ ሞለኪውል አንድ የውሃ ሞለኪውል ብቻ ይዞ ነው የሚቀመጠው። በሒሳብ እንየው። ከ100 ግራም ማር 15 ግራም ግሉኮስ ቢረጋ፣ የሚወስደው ውሃ 1.5 ግራም ብቻ ነው። ቀሪው 15.5 ግራም ውሃ በ83.5 ግራም ፈሳሽ ውስጥ ይቀራል። 17 በመቶ የነበረው ውሃ 18.6 በመቶ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ቀጠነ። ውሃ የጨመረበት ሰው የለም።

ይህን ግን ቸል አትበዪው። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ለማር ውሃ በጥቅሉ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ የሚለው ያለ ነገር አይደለም። ፈሳሹ በጣም ሲቀጥን እርሾ ይነሣበታል። አረፋ ካየሽ ወይም ጠጅ ጠጅ ከሸተተሽ መፍላት ጀምሯል።

ንብ አርቢው
አሁን ወደ ሥራው። ድስት ላይ እንዳታፈዪው! ብልቃጡን ክዳኑን አጥብቀሽ 40 ዲግሪ ገደማ የሆነ ውሃ ውስጥ ንከሪው። እጅ የሚችለው ሙቀት ነው። ሲቀዘቅዝ ውሃውን ለውጪ። 2 ኪሎ ከሆነ አንድ ቀን ሙሉ ሊወስድብሽ ይችላል። ሁሉንም አታቅልጪ፤ ለሳምንት የሚበቃሽን ብቻ ቀንሰሽ አሙቂ።

የአዋሬዋ
ቢፈላ ግን ቶሎ አይሟሟም? ምን ይጎዳል?

የኬሚስትሪ መምህር
ይሟሟል። የግሉኮሱ መርጋት የሚመለስ ነገር ነው፤ ሲሞቅ ሰልፉ ይፈርሳል፣ ሞለኪውሉ ራሱ አይለወጥም። ማር ውስጥ ግን ከንቧ የመጡ ኢንዛይሞችም (ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥኑ ነገሮች) አሉ። እነሱ ፕሮቲን ናቸው። ፕሮቲን ረጅም ክር ነው፤ የሚሠራውም በልኩ ሲታጠፍ ነው። አሬራ ስታሞቂ አይብ ይወጣል አይደል? አይቡን ብታቀዘቅዢው ተመልሶ አሬራ ይሆናል? አይሆንም። ክሩ ተፈትቶ እርስ በርሱ ተጠላልፏል። የማሩም ኢንዛይም ሲፈላ አጣጣፉ ይፈርሳል፤ መዓዛውም አብሮ ይተናል።

ሰፈፍ
ሦስት ቀን ሆነኝ፤ እንዳላችሁት አደረግኩ። ከሰዓት የነከርኩት በማግሥቱ ጠርቷል፤ ሽታውም ያው የድሮው ነው። ለባለቤቴ የመምህርን ሒሳብ አስነበብኩት። ታዲያ አሁን ስኳር እንደሌለበት እርግጠኛ መሆን እችላለሁ?

የኬሚስትሪ መምህር
አትችዪም። እኛ ያየነው መርጋቱ ማስረጃ አለመሆኑን ነው። የሸንኮራ አገዳ ወይም የበቆሎ ስኳር ገብቶበት ከሆነ ቤተ ሙከራ ይለየዋል። ሁለቱ ተክሎች ካርቦን የሚወስዱበት መንገድ ንብ ከምትቀስማቸው ከአብዛኞቹ አበቦች ስለሚለይ፣ በስኳሩ ውስጥ ያለው የከባዱ ካርቦን (ከተለመደው ካርቦን ትንሽ የሚከብደው ዓይነት) መጠን ያሳብቃል። ዓይንና ምላስ ግን እዚያ አይደርሱም። እናትሽን የምታስከፊበት ምክንያት እስካሁን አላየሁም።

ንብ አርቢው
የቀረውን ምድር ቤት አትመልሺው፤ ኩሽና ውስጥ ከምድጃው ራቅ አድርገሽ አስቀምጪው። እንደ ቅቤ ዳቦ ላይ የሚቀባ ከፈለግሽ ደግሞ፣ ያቀለጥሽው ማር ከቀዘቀዘ በኋላ ለዘጠኝ እጁ አንድ እጅ ያህል በደንብ የላመ የረጋ ማር ጨምረሽ አማስይና በ14 ዲግሪ አቆዪው። ኤልተን ዳይስ የሚባል ሰው በ1935 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ፓተንት ያወጣበት ዘዴ ነው። ያን ጊዜ ምድር ቤትሽ ይጠቅምሻል።