ሳያስጠነቅቅ የለቀቀ ሠራተኛ የሠራበትን ይከልከል?

ጠያቂዋ፣ ከጠባሴ፦ ደብረ ብርሃን ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ 2 ዓመት ከ8 ወር ሠርቻለሁ። የተሻለ ስላገኘሁ መልቀቂያ አስገባሁ፤ አዲሶቹ ቶሎ ነይ ስላሉኝ ግን ከዚያ በኋላ የቆየሁት አንድ ሳምንት ብቻ ነው። አሁን የ18 የሥራ ቀን ደመወዜንና ያልወሰድኩትን የ12 ቀን ዓመት ፈቃድ "ጥለሽ ስለሄድሽ የለሽም" አሉኝ። የሥራ ልምድ ስጠይቅም "መጀመሪያ ክሊራንስ ጨርሺ"፣ ማለትም በእጅሽ የቀረ ንብረት እንደሌለ አስፈርሚ፣ ነው መልሱ። እንዲህ ማድረግ ይችላሉ?

ባለ ሆቴል፣ ደብረ ሲና፦ ለምን አይችሉም? የፋሲካ ዋዜማ ለት ወጥ ቤቷ ሽርጧን በር ላይ ሰቅላ ወጣች፤ ዶሮው ተገነጣጥሎ ሽንኩርቱ ምድጃ ላይ ነበር። ለእኔ ማን ካሰኝ? መብት መብት የምትሉ ሰዎች አሠሪ ሁሉ ሀብታም ይመስላችኋል።

ሒሳብ ክፍል የምሠራ፦ ጋሼ፣ ብሶትዎ እውነት ነው፤ ካሳና ደመወዝ ግን አይደባለቁ። የሙከራ ጊዜ የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል (የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011፣ አንቀጽ 31)። ይህን ካላሟላ ለአሠሪው ካሳ ይከፍላል፤ ካሳው ከ30 ቀን ደመወዙ አይበልጥም፣ የሚነሳውም ከቀሪ ክፍያው ነው (አንቀጽ 45)። ያልተወሰደ ዓመት ፈቃድም ውሉ ሲቋረጥ በገንዘብ ይከፈላል። "የለሽም" የሚል አንቀጽ አላየሁም።

እስቲ እንምታው። ደመወዟ 6,000 ይሁን፣ በ26 ቀን ሲካፈል ቀኑ ወደ 231 ብር ነው። 18 ቀን 4,154፣ ፈቃዱ 2,769፤ ድምሩ 6,923፣ ግብርና ጡረታ ሳይነሳለት። ካሳው ጣሪያውን ቢነካ እንኳ 923 ብር ይተርፋታል።

ጠያቂዋ፦ ለ923 ብር ፍርድ ቤት ልመላለስ?

የሠራተኛ ማኅበር ተመራጭ የነበርኩ፦ እህቴ፣ አትቸኩዪ። ሒሳብ ክፍሉ ጣሪያውን እንደ ቁርጥ ዋጋ ወሰደው። "አይበልጥም" ማለት ሁልጊዜ 30 ቀን ይቆረጣል ማለት አይደለም። የሳምንት ማስጠንቀቂያ ሰጥተሻል፤ በማግስቱ ሌላ ሰው ማሽንሽ ላይ ቆሞ ከነበረ ምን ያህል ተጎዱ? እሱን ያስረዱ። አሠሪው ጉዳቱንም ራሱ ገምቶ፣ ራሱ ፈርዶ፣ ከእጁ ያለውን ብር ማስቀረቱ ነው እኔን የሚያናድደኝ።

ባለ ሆቴል፣ ደብረ ሲና፦ "ከቀሪ ክፍያው" ይላል ተባለ እኮ! ታዲያ አሠሪ ቀሪው በእጁ እያለ ሄዶ ይክሰስ? የእኔዋ ወጥ ቤት እንኳ አዲስ አበባ ገብታ ስልክ ቀይራለች።

የማኅበር ተመራጭ የነበርኩ፦ ይቀንሱ፤ ግን በደብዳቤ "ይህን ያህል ለካሳ፣ ይህን ያህል ላንቺ" ብለው፣ በጊዜው። ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀን መከፈል አለበት (አንቀጽ 36)። መጠኑ ቢያከራክርም ያልተካደው ክፍል በዚያው ጊዜ ይከፈላል። አሠሪው ካዘገየ ፍርድ ቤት እስከ 3 ወር ደመወዝ ሊጨምርበት ይችላል፤ በእሷ ሒሳብ እስከ 18,000 ብር። አሁንም 923 ነው የምንለው?

ሒሳብ ክፍል የምሠራ፦ እዚህ ላይ ተሸንፌያለሁ። ስለ ክሊራንስ ግን ልጨምር፣ አብዛኛው ሰው የሚንገላታው እዚያ ነው። 7 ቀኑ የሚራዘመው ሠራተኛው በራሱ ጥፋት ንብረት ወይም ገንዘብ ሳይመልስ ሲቀር ነው። ስቶር ኃላፊው ፊልድ ስለወጣ፣ አንዱ ፈራሚ ፈቃድ ላይ ስለሆነ አይደለም። እኛ ቢሮ ወረቀቱ ለስድስት ፊርማ ነው የሚዞረው፤ ቤተ መጻሕፍት የሌለው ድርጅት የቤተ መጻሕፍት ፊርማ ይጠይቃል! የሥራ ልምድ ደግሞ ያለ ክፍያ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው።

ጠያቂዋ፦ ጋውንና የሎከር ቁልፍ እኔ ጋ አለ። እነሱም አልጠየቁኝ።

የማኅበር ተመራጭ የነበርኩ፦ ነገ መልሺ! በእጅሽ እስካለ ሰበብ ትሰጫቸዋለሽ። ስታስረክቢ ቀን የተጻፈበት ፊርማ ተቀበይ። ከዚያ ሒሳብሽን በደብዳቤ ጠይቂ፣ ግልባጩ ላይ "ደርሶናል" ይምቱልሽ። እምቢ ካሉ የሠራተኛ ጉዳይ ወደሚያየው የመንግሥት ቢሮ ወይም ፍርድ ቤት፤ ሠራተኛ የዳኝነት አይከፍልም። 6 ወር ካለፈ ግን ጥያቄሽ በይርጋ (ጊዜው አልፏል ተብሎ) ይታገዳል፣ "ዛሬ ነገ" እያሉ የሚያመላልሱሽም ይህን ያውቃሉ።

ባለ ሆቴል፣ ደብረ ሲና፦ ለእሷ ደህና መከራችኋት። ደመወዟን ተቀብላ በማግስቱ ለጠፋችብኝ ወጥ ቤት ግን ከየትኛው ቀሪ ክፍያ ልቀንስ? እስቲ ይህንንም ምቱልኝ።