ደንቆሮ ጫካ ዳር ጎጆ ተከራይቼ ተጨንቄያለሁ፣ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች፣ በተለይ የመካነ ሰላም ልጆች። እናቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ከደሴ ወደ ቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ፣ ማለትም ደንቆሮ ጫካ ወደሚባለው፣ ልሄድ ነው። ጫካው ዳር አንድ ገበሬ ግቢ ውስጥ ያለች የሣር ክዳን ጎጆ ለሦስት ሌሊት በስልክ ተከራይቼ ግማሹን ብር ልኬያለሁ። አሁን ግን የሰውዬው ስልክ አራት ቀን ሙሉ አይሠራም። አጭበረበረኝ ብዬ አላስብም፣ ኔትወርክ ጠፍቶበት ይሆናል፤ ግን አሮጊት እናቴን ይዤ ሄጄ በሩ ተዘግቶ ባገኘውስ?

ሌላው ብርዱ ነው። ከፍ ያለው የፓርኩ ክፍል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ የታኅሣሥን ውርጭ ደግሞ ለወሎ ሰው አልነግርም። እናቴ "ከሰሉን ውጭ አቀጣጥለን ብናስገባው ምን አለበት፣ አብሽሪ" ትለኛለች። ፍም ሆኖ ቢገባም እኮ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል! በዚህ ሞቼ እገኛለሁ እንጂ እሺ አልልም። ከጫካው እንጨት መልቀምም አልፈልግም፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለልጆቼ ላሳይ ሄጄ ቤታቸውን አላፈርስም።

እና መካነ ሰላም ላይ ባና ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ የሚያከራይ ሰው ይኖር ይሆን? ጎጆው ካልሆነልን እናቴ የምታድርበት ንጹሕ አልጋ ቤትስ? ከከተማው እስከ ጫካው ሚኒባስ መግባት መቻሉንም ንገሩኝ፣ እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ብዙ መራመድ አትችልም። ቅዳሜ ጠዋት ነው የምንነሳው፣ እባካችሁ እስከ ሐሙስ ማታ መልሱልኝ።